«ከ99 በመቶ በላይ ትክክል ነው ተባልኩ»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ 38 ሲሆን ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ። በ11ኛው ሳምንት ለምርመራ ደም ሰጠሁ፤ እውነቱን ለመናገር የልጁን ጾታ ለማወቅ ብዬ ነው። ውጤቱ ስልኬ ላይ ሲመጣ «ወንድ» ከሚለው በላይ «ትራይሶሚ 21፣ ከፍተኛ ስጋት» ይላል። የክሊኒኩ ነርስ ደውላ «ምርመራው ከ99 በመቶ በላይ ትክክል ነው» አለችኝ። ልጄ የግድ ዳውን ሲንድረም አለበት ማለት ነው? ባለቤቴ ለማረጋገጥ ከማህፀን ናሙና የሚቀዳበት መርፌ ያስወርዳል ብሎ ፈርቷል። ሁዳዴን ስጾም ነበር፤ እሱ ይሆን?
ሐ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጾሙ አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ የአገሬ ልጆች ቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ ጾሙ ነው? የወሊድ መከላከያው ነው? ሻንጣ ማንሳቴ ነው? አንዱም አይደለም። ትራይሶሚ 21 የዳውን ሲንድረም ሌላ ስሙ ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም (ዘር የሚተላለፍበት ክር) በሁለት ፋንታ ሦስት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ሲዘጋጅ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው፤ ከመፀነስሽ በፊት ያለቀ ጉዳይ ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፤ ከዚያ ውጪ የምትጠየቂበት ነገር የለም።

ወደ 99ኙ እንምጣ። ነርሷ ውሸት አልተናገረችም፣ ያንቺን ጥያቄ ግን አልመለሰችም። ቁጥሩ የሚናገረው ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ፅንሶች ምርመራው 99 ያህሉን ያገኛቸዋል ብሎ ነው። አንቺ ማወቅ የፈለግሽው ግን «ከፍተኛ ስጋት» ከተባሉት ውስጥ በእርግጥ ያለባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ነው። ይሄ በእናትየው ዕድሜ ይለያያል። ይኸው ውጤት ከመጣላቸው የ25 ዓመት ሴቶች እውነት ሆኖ የሚገኘው ግማሽ በሚሆኑት ላይ ነው። በ38 ዓመት ግን ከ10 ወደ 9 ይጠጋል። ላጽናናሽ ብዬ አልሸፋፍንም፤ እውነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አሥረኛዋ መሆንም ግን ይቻላል፣ ስለዚህ በዚህ ወረቀት ብቻ የማይመለስ ውሳኔ እንዳትወስኚ። አንዳንድ ላቦራቶሪ ይህን ስሌት ራሱ ውጤቱ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል ያሰፍረዋል፤ ፈልጊው።

ለምን ይሳሳታል ካልሽ፣ «የልጁ ዲኤንኤ» እያልን በልማድ እንጠራዋለን እንጂ ደምሽ ውስጥ የተገኘው ቁርጥራጭ የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ነው። በዚህ ሳምንት ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው ያንቺው ነው። አልፎ አልፎ እንግዴ ልጁ ላይ ያለው ለውጥ ልጁ ላይ አይኖርም። መንታ ተፀንሶ አንደኛው በጊዜ ከጠፋም ቅሪቱ ውጤቱን ያሳስታል። (ይህን ሁሉ ደም ከመቀዳትሽ በፊት ቁጭ ብሎ የሚነግርሽ ሰው ነበር የሚያስፈልግሽ። ብዙ ቦታ «የጾታ ምርመራ» እየመሰለ መታዘዙ ያናድደኛል።)

እርግጡን የሚነግርሽ መርፌው ነው። እስከ 13ኛው ሳምንት የሚደረገው ምርመራ ናሙና የሚወስደው ከዚያው ከእንግዴ ልጅ ስለሆነ፣ ያው ስህተት ሊደገም ይችላል። አልትራሳውንድሽ ደህና ከሆነ እኔ ብሆን 15ኛውን ሳምንት ጠብቄ የእንሽርት ውሃውን አስመረምራለሁ። ሆድሽ ተጠርጎ፣ ሐኪሟ በአልትራሳውንድ እያየች ቀጭን ረጅም መርፌ ታስገባና 20 ሚሊ ሊትር ያህል ገርጣ ያለ ቢጫ ውሃ ትቀዳለች። በደቂቃዎች ያልቃል፤ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ስሜት ሊኖረው ይችላል። የባለቤትሽ ፍርሃት መሠረት አለው፣ ግን የማስወረድ ስጋቱ ከ200 ከአንድ በታች ነው፤ ልምድ ባላት ሐኪም እጅ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። የመጀመሪያው ውጤት በጥቂት ቀናት፣ ሙሉው በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል።

መርፌውን አልፈልግም ማለትም መብትሽ ነው። እንደዚያ ከሆነ ግን የልጁን ልብ በአልትራሳውንድ የሚያይ ልዩ ሐኪም በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ይይልሽ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ቀድሞ ከታወቀ የሕፃናት የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል መውለድ ትችያለሽ።

ነገ ጠዋት ለዶክተርሽ ደውለሽ ውጤቱን ቁጭ ብሎ ከሚያስረዳሽ የዘረመል አማካሪ ጋር ቀጠሮ ጠይቂ። የአማርኛ አስተርጓሚም አብረሽ ጠይቂ፤ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ፣ ክፍያ የለውም። ባለቤትሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፤ እሱም እንዳንቺው ደንግጧል፣ ቁጭ ብሎ ይስማ። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ የእንሽርት ውሃው ከተቀዳ በኋላ የሚሰጥ ሌላ መርፌ ስላለ፣ ሳይረሳ እንዲሰጡሽ ገና ስትገቢ ንገሪያቸው።