ጥያቄና መልስ፦ ጥፋቱ የዘንጉ ነው ወይስ የእጄ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስትሪት ፋይተር 6 ለተባለው የፍልሚያ ቪዲዮ ጌም ይሆንሃል ብሎ ያገለገለ አርኬድ ስቲክ (የጌም መቆጣጠሪያ ሳጥን) ላከልኝ። ከባድ ሳጥን ሲሆን ክብ ራስ ያለው ዘንግና ስምንት ቁልፎች አሉት፤ የታችኛውን ክዳን ፈትቼ ሳየው ዘንጉ የሳንዋ ኩባንያ ጄኤልኤፍ የሚባለው ነው። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ከዚያም በታችና በፊት መካከል ወዳለው ሰያፍ በመሄድ የሚመታውን ሾሪዩከን የሚባል ልዩ ምት ስሞክር ብዙ ጊዜ ተጫዋቼ ይዘላል ወይም እሳት ይወረውራል። ሁለተኛ፣ የመካከለኛው ቡጢ ቁልፍ አልፎ አልፎ አይታዘዝም። ጓደኞቼ የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚገድበውን አራት ማዕዘን አጥር በስምንት ማዕዘን፣ ሞላውንም በጠንካራ እንድቀይር ይመክሩኛል። ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ። ከገርጂ፣ አዲስ አበባ።

መልስ፦ ጓደኞችዎ የጠቀሷቸው ለውጦች ሁሉም የሚሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ የተሰጡ ምክሮች በመሆናቸው ለጊዜው ወደ ጎን ይተዋቸው። ለምርመራው ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም።

በመጀመሪያ ዘንጉ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ከሥሩ አራት ማይክሮስዊቾች (ሲጫኑ ትእዛዝ የሚሰጡ ትንንሽ ማብሪያዎች) አሉ፤ ለእያንዳንዱ ዋና አቅጣጫ አንድ ማለት ነው። ለሰያፍ የተመደበ ስዊች የለም፤ ሁለት ጎረቤት ስዊቾች አብረው ሲጫኑ ጌሙ ሰያፍ ብሎ ያነበዋል። ዘንጉ የሚወዛወዘው መሃሉ ላይ ካለው ማረፊያ ስለሆነ ራሱን ወደ ቀኝ ሲገፉት ጅራቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በመሆኑም የቀኝን ትእዛዝ የሚሰጠው በግራ በኩል ያለው ስዊች ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው ደህናውን ስዊች ሲነቅል ይውላል።

አሁን ወደ ልምምድ ክፍሉ ይግቡና የትእዛዝ ታሪክ የሚታይበትን ምርጫ ይክፈቱ። ስትሪት ፋይተር 6 የተሰጠውን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ለስንት ፍሬም (የምስል ቅጽበት) እንደተያዘም በቁጥር ያሳያል፤ ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ አንዱ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ዘንጉን አጥሩን እያስነኩ በጣም በዝግታ አንድ ዙር ያዙሩት፤ ከዚያም በተቃራኒው ይድገሙት። ስምንቱም አቅጣጫዎች በቅደም ተከተል ከታዩ ስዊቾቹ ጤነኞች ናቸው። ቀጥሎ በየማዕዘኑ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙት፤ ሰያፉ እየተቆራረጠ ወደ አንድ ዋና አቅጣጫ የሚመለስ ከሆነ ያልታየው አቅጣጫ ስዊች ወይም ሽቦ ተጠርጣሪ ነው። በመጨረሻም ዘንጉን ወደ ፊት ገፍተው በድንገት ይልቀቁት። ወደ መሃል ሲመለስ አልፎ ሄዶ ለአንድ ወይም ለሁለት ፍሬም “ኋላ” የሚል ካሳየ ሞላው ለስልሷል ማለት ነው፤ የጠንካራ ሞላ ምክር ትርጉም የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙዎች ለዚህ ሴይሚትሱ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን የኤልኤስ-33 ዘንግ ሞላ በጄኤልኤፍ ውስጥ ያስገባሉ፤ በልኩ ይገባል፣ ዘንጉንም በግልጽ ያጠነክረዋል።

ፈተናውን ካለፈ ደግሞ የራስዎን ሾሪዩከን ያንብቡ። እሳት በተወረወረ ጊዜ ታሪኩን ቢያዩ የመጀመሪያው “ፊት” ጨርሶ አልተመዘገበም፣ ወይም ከእርሱ በኋላ እጅዎ ከሚፈቀደው በላይ ቆይቷል። ተጫዋቹ በዘለለ ጊዜ ግን ከሰያፉ በኋላ “ፊት” ከዚያም “ላይ-ፊት” ተጽፎ ያገኙታል፤ እጅዎ ማቆም ከነበረበት ማዕዘን አልፎ ዞሯል ማለት ነው። በእኔ ግምት የእርስዎ ነገር ይኸኛው ነው፤ ከጆይፓድ ወደ ዘንግ የተሻገረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ክቡን ራስ አንቆ በሙሉ ክንዱ ያንቀሳቅሰዋል። ክንድዎን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው በእጅ አንጓና በጣቶች ብቻ ሲሠሩ እንቅስቃሴው ያጥራል።

ስለ አጥሩ ያለኝን አቋም በግልጽ ልናገር፦ አይቀይሩት። አቅጣጫን የሚወስነው ስዊቹ ነው፤ አጥሩ ስዊቹ ከተጫነ በኋላ ዘንጉ እስከ የት እንደሚሄድ ብቻ ይገድባል። የአራት ማዕዘኑ ጥግ ለሰያፍ ሰፊ ቦታ ይሰጣል፣ ሾሪዩከንም የሚያልቀው በዚያው ጥግ ነው። ስምንት ማዕዘኑ በየአቅጣጫው ጎድጎድ ያለ መያዣ ስላለው ለጣት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጥጉን ስለሚያሳጥረው ለእርስዎ ችግር ፈውስ አይሆንም። ሐሳብዎን ከቀየሩም ብየዳ የማይጠይቅ፣ ተጭነው የሚያላቅቁት ፕላስቲክ ስለሆነ ጊዜ አያልፍበትም። ወፈር ያለ አክቹዌተር፣ ማለትም በዘንጉ ጅራት ላይ ተሰክቶ ስዊቹን የሚገፋው ቁራጭ ደግሞ ትእዛዙን ያፈጥናል ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፣ ያፈጥናል፤ በዚያው ልክ የመሃሉን ነጻ ቦታ ስለሚያጠብበው ሳያስበው ለሚዘል ሰው መዝለሉን ያበዛበታል።

የማይታዘዘው ቁልፍ ግን የእጅ ጉዳይ አይመስልም። ዩኤስቢውን ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ፤ ሽቦዎቹ የሚሰኩት በእነርሱ ላይ ነው። የመካከለኛውን ቡጢና የጎረቤቱን ቁልፍ የትእዛዝ ሽቦዎች ቦታ ያቀያይሩ፤ ለሁሉም ቁልፎች የጋራ የሆነውን ሽቦ ግን አይንኩ። ሲነቅሉ የብረት ጫፉን በፒንሳ ይዘው እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። መልሰው ሲሞክሩ ሕመሙ ያው የድሮው ቁልፍ ላይ ከቀረ ቁልፉ አርጅቷልና በሌላ ባለ 30 ሚሊሜትር ቁልፍ ይተኩት፤ ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ከተሻገረ ጥፋቱ የሽቦው ወይም ሽቦዎቹ የሚገናኙበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ያገለገሉ ሳጥኖች ላይ በብዛት የሚገኘው የላላ የሽቦ ጫፍ ነው፤ በፒንሳ ቀስ ብለው ጠበብ አድርገው መልሰው ይሰኩት።

ዘንጉን ለማጽዳት ከፈለጉ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዘው ክቡን ራስ ያዙሩት፤ ይፈታል። ጅራቱን የያዘችው ትንሽ የብረት ቀለበት ስትወጣ ተወርውራ የምትጠፋ ናትና በጨርቅ ሸፍነው ያውጧት። ማረፊያው ላይ ጥቂት የሲሊኮን ግራሶ ይበቃል፤ የመኪና ግራሶ ግን አይጠቀሙ።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤቮ በተባለው የፍልሚያ ጌሞች ውድድር በአልትራ ስትሪት ፋይተር 4 ያሸነፈው ሉፊ በሚል የመጫወቻ ስም የሚታወቅ ፈረንሳዊ ሲሆን የተጫወተውም በአሮጌው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጆይፓድ ነበር። ዘንጉ ካልተመችዎት ወንድምዎን የሚያስቀይም ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ማታ ማታ ተከን የተባለውን የፍልሚያ ጌም ሲጫወት የስቲኩ ቀጭቀጭታ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አስቸግሯል። ጸጥ ማድረግ ይቻላል? እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

መልስ፦ ይቻላል እናቴ፣ ግን በደረጃ ያድርጉት። ጎረቤት ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው የስዊቹ ድምፅ ሳይሆን ሳጥኑ ወደ ጠረጴዛና ወደ ወለል የሚያስተላልፈው ምት ነው፤ ስለዚህ ልጅዎ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጫወት፣ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ከሥሩ ያድርግ። ካልበቃ፣ ሳንዋ ከውስጥ ለስላሳ መከላከያ ያላቸው ኦቢኤስኤፍኤስ-30 የሚባሉ ቁልፎች ይሠራል፤ በዚያው በ30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይገባሉ። የዘንጉ ቀጭታ የሚጠፋው ግን በማይክሮስዊች ፋንታ በብርሃን ዳሳሽ የሚሠራ ዘንግ ሲገባ ነው፤ እርሱም የኃይል ሽቦ ስለሚፈልግ ቦርዱ 5 ቮልት የሚያወጣ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ። እኔ ብሆን በስፖንጁ ጀምሬ ጎረቤቶቹን እጠይቅ ነበር።

ጥያቄ፦ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን የተገዛ ጥሩ ስቲክ አለኝ፤ በፕሌይስቴሽን 5 አይሠራም። ልጣለው? ከዱባይ።

መልስ፦ አይጣሉት። ያረጀው ቦርዱ እንጂ ዘንጉና ቁልፎቹ አይደሉም። የሚጫወቱት በኮምፒውተር ከሆነ ጂፒ2040-ሲኢ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የተጫነበት ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባል ትንሽ ቦርድ በርካሽ ይተካዋል። በፕሌይስቴሽን ላይ ግን መሣሪያው በሶኒ ፈቃድ የተሰጠው መሆኑ ይጠየቃል፤ ፈቃዱን የማያሟላ ቦርድ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከ8 ደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ብሩክ (Brook) የተባለው ኩባንያ ቦርድ ይፈልጉ፤ ከመግዛትዎ በፊትም የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞችን መደገፉ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። አሮጌውን ቦርድ ከመንቀልዎ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ከየትኛው ቁልፍ እንደሚመጣ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀሩ።