ማት ቀለም ቸርኬ ላይ ለምን ይሻክራል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የአሉሚኒየም ቸርኬዎቼን ነሐሴ ላይ በረንዳ ላይ ሆኜ በቆርቆሮ ስፕሬይ ማት (የማያብለጨልጭ) ጥቁር ቀባኋቸው። ሲደርቅ እጅ ላይ ይሻክራል፣ የስፖኮቹ ጥግ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ነጣ ብሏል። በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው?

መልስ፦ እሱን እንኳ ይተዉት። የሚያብለጨልጭ ቀለም ሲሻክር በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በፖሊሽ ይመለሳል። ማት ግን የታሸበት ቦታ ይብለጨለጭና ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። የማት ልስላሴ የሚመጣው ከሥሩ ከሚቀባው መነሻ ቀለም (ፕራይመር) እና ከአረጫጨቱ ነው።

የሻከረው ቀለሙ ቸርኬው ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ስለደረቀ ነው። አርቆ መርጨት፣ ነፋስና ፀሐይ ያጋለው ቸርኬ ይህን ያመጣሉ። በዚያ ላይ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ቲነሩ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይተናል። ከ20 ሴንቲ ሜትር አይራቁ። ጥጉ ያብለጨለጨው እዚያ ቀለም ስለተጠራቀመ ወይም ቆርቆሮው በደንብ ስላልተናጠ ነው። ቀለሙን ማት የሚያደርገው ዱቄት ከታች ይዘቅጣል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ 2 ደቂቃ ሙሉ ይናጡት፣ በየድርቡም ይድገሙት። የነጣው የክረምቱ እርጥበት ነው፦ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ ውሃም እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። ክረምት ላይ ግድ ከሆነ ቸርኬውን ቤት ውስጥ አሳድረው፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀቡ።

አሁን እንደገና ሲጀምሩ ጎማውን ጎሚስታ ዘንድ ያስወልቁ፣ የባላንስ እርሳሱንና ቫልቮላውንም ያስነሡ። በሳሙና ይጠቡት፤ ሲደርቅ በቅባት ማስለቀቂያ በነከሩት ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሡት። በናፍጣ መጥረግ የተለመደ ነው፣ ግን ቅባት ትቶ ይሄዳል። እጥበት ቤት የሚቀቡት የጎማ ማብለጫም ሲሊኮን ካለበት ቀለሙን ክብ ክብ እያደረገ ያሸሸዋል፤ ስለዚህ ይህ ጠረጋ ብርጭቆ ወረቀት ከመንካትዎ በፊት ይሁን።

የተላጠውንና የተፋቀውን ጠርዝ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ320 ይሹ። ጠባሳ ካለ ስቱኮ ይሙሉ፤ ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ቢበዛ ሥራው አይፋጠንም፣ ቀለሙን ያቆሽሻል እንጂ። የተጋለጠ አሉሚኒየም ተራ ፕራይመር አይይዝም፤ መጀመሪያ ብረት ነካሽ ፕራይመር (አሲድ ያለበት፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዝ) በስሱ፣ ከዚያ ጥቃቅን ጎድጓዳ የሚሞላ ፕራይመር 2 ድርብ። ሲደርቅ ጥቁር ስፕሬይ እንደ ጉም ጣል ያድርጉበትና በ600 ከውሃ ጋር ይሹ። ጥቁሩ ነጥብ የቀረበት ሁሉ ጎድጓዳ ነው፤ ማት አይደብቀውም። ነጥቡ እስኪጠፋ ይሹ፣ ካልጠፋም በሌላ ፕራይመር ይሙሉት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል፣ ሥራው ያለውም እዚህ ነው።

ቸርኬውን በርሜል ላይ አጋድመው እያዞሩ ይርጩ፦ መጀመሪያ የስፖኮቹን ጎን፣ ከዚያ ፊቱን። እጅዎ ከቸርኬው ውጭ ጀምሮ ውጭ ይቁም። ሦስት ስስ ድርብ፣ በየመካከሉ 10–15 ደቂቃ። ሃርድነር ያለው ማት ክሊር (ከላይ የሚረጭ ቀለም አልባ መሸፈኛ) በስፕሬይ ጋን የሚጨምሩ ከሆነ ባለ 1.3 ሚሊ ሜትር ኖዝልና 2 ባር የአየር ግፊት ይበቃል፤ ቅልቅሉ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ሁለተኛውን ድርብ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደበዝዝ አይርጩ፣ እርጥብ በእርጥብ ከሆነ ያብለጨልጫል። የዚህ ሃርድነር ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ የኬሚካል ካርትሪጅ ያለው ይሁን፣ ቦታውም አየር የሚያገኝ ይሁን።

የዳዶ መቀመጫውንና ከሃቡ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገጥመውን የጀርባ ፊት በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። እዚያ ያለ ቀለም ሲጨመቅ ዳዶው ይላላል። ከ24 ሰዓት በፊት አይግጠሙ። ለአብዛኛው የቶዮታ የቤት መኪና የዳዶ ማጥበቂያው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከ50–100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈትሹ።

ለአንድ ሳምንት አይጠቡት፤ ከዚያም በለዘብተኛ ሳሙናና በስፖንጅ ብቻ፣ ያለ ፖሊሽና ያለ ሰም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚበተነው የፍሬን ብናኝ ትኩስ ብረት ስላለበት ማት ላይ ቶሎ ይጣበቃል፤ ቸርኬው ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ሰሞን ይጠቡት።