ዝናብ ሲመታው አዲስ፣ ሲደርቅ አሮጌ

ልጆቼ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ጎንደር ፒያሳ የቆሙትን መኪኖች አስተውሉ። 15 ዓመት የተነዳው ቀይ ኮሮላ እንኳ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ያው አመዱ ቡን ያለ አሮጌ መኪና ነው። ቀለሙ የት ሄደ? ዝናቡ ቀለም ይዞ አልመጣ፣ ፀሐይዋም ይዛ አልሄደች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመኪናው ገላ ላይ ዓይን በቀላሉ የማይለያቸው ብዙ ጭረቶች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ያ የተበተነ ብርሃን ነጣ ብሎ ቀለሙ ላይ ይነሰነሳል፣ ስለዚህ ጥቁሩ ግራጫ፣ ቀዩ ሮዝ ይመስላል። ውሃ ጭረቱን ሲሞላው ፊቱ ለጥ ይላል፤ ሥር ያለው ቀለም ጠለቅ ብሎ ይታያል። ፖሊሽ ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ያደረገውን እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ግን ጭረቱን በመሙላት ሳይሆን ዙሪያውን በስሱ ፍቆ በማስተካከል ነው። ሰም ከዚያ በኋላ ይመጣና ፊቱን ይሸፍነዋል፣ ወዝ ይሰጠዋል። ቀለም ግን አይጨምርም። ጣሳው ላይ የፈለገው ቢጻፍ፣ ያለውን ነው የሚያሳየው።

እኔ ካሮሴሪያ ቤት ነው ያረጀሁት። ስቱኮ ስፈገፍግ፣ ቀለም ስረጭ። አሁን ወገቤ ማሽኑን እሺ አይልም፤ የቀረኝ ወሬ ነው። አዘዞም ማራኪም ላቫጆ ከፍታችሁ፣ ፖሊሽ ማሽን ገዝታችሁ፣ «መኪና አዲስ እናደርጋለን» ብላችሁ ባነር የሰቀላችሁ ልጆች ስላላችሁ ነው የምጽፈው። የራሱን መኪና በእጁ ማወዛት የሚፈልግም ያንብበው።

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ኮፈኑ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ድፉ። ባለቤቱን ጥሯቸውና «ጋሼ፣ አሁን የሚያዩትን ያህል ነው የምሰጥዎት፣ ከዚህ በላይ አልችልም» በሏቸው። ይህች ጣሳ ውሃ ስንት ጭቅጭቅ እንደምታስቀር በኋላ ታዩታላችሁ። ክሊሩ (ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) የተላጠ ከሆነ ግን፣ ማለትም ጣሪያው ወይ ኮፈኑ ነጭ ነጭ እያለ ጠርዙ በጥፍር የሚነሳ ከሆነ፣ ፖሊሽ አያድነውም። ወደ ቀለም ቤት ላኩት። የዕለቱ ገንዘብ ይቀርባችኋል። ይቅር።

ጭረቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አብዛኛው ከጨርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሹፌሩ ወይ ዘበኛው ደረቅ ጨርቅ ይዞ አቧራውን ክብ ክብ እየሠራ ይወለውለዋል። መኪናው ደግሞ ከመተማ መንገድ የገባ ነው እንበል፤ አቧራ የምንለው ነገር ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ኮፈኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መብራቱን ከበው የተደረደሩ ቀጫጭን ክቦች ይታያሉ። ያ የዘበኛው የጠዋት ሥራ ነው። አቧራ የሚነሳው በውሃ ነው። ጎንደር ውሃ እንደልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው፤ ቢሆንም ሁለት ባልዲ ያዙ፣ አንዱ ሻምፖ ያለበት፣ አንዱ ጓንታችሁን የምታለቀልቁበት፣ ምክንያቱም በአንድ ባልዲ ከሠራችሁ ከበሩ ሥር ያነሳችሁትን አሸዋ መልሳችሁ ኮፈኑ ላይ ነው የምትፈጩት። ኦሞ ተዉ፤ ያለውን ሰም አጥቦ ይወስዳል። ገላውን በናፍጣ መወልወልም ይቅርባችሁ። ለጊዜው ያብለጨልጫል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል፣ የበሩንም ጎማ ይጎዳል። ሊስትሮ እንኳ ጭቃውን ሳያራግፍ ቀለም አይቀባም!

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገቡና ኮፈኑ ላይ በቀስታ አንሸራቱ። ባዶ እጅ የማይለየውን ሻካራ ነገር ፌስታል ያሳብቃል። የሚቆረቁር ከተሰማችሁ የዛፍ ሙጫ፣ የፍሬን ብናኝ፣ የቀለም ጭስ ተጣብቆበታል። ለዚህ ክሌይ የሚባል ልዝብ ነገር አለ፤ ሻምፖ ባለው ውሃ እያራሳችሁ ታሹበታላችሁ። ቆሻሻውን ሳታነሱ ማሽን ካስነሳችሁ ስፖንጁ እየጎተተ ይጭርበታል።

አሁን ማሽኑ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ ክሊሩ ብቻውን 40 ወይ 50። የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው የምትፈቁት፣ ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለውም እሱ ነው፣ የተፈቀ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከሻካራው ኮምፓውንድ፣ ማለትም አጥብቆ ከሚፍቀው ፖሊሽ፣ አትጀምሩ። ለስላሳውን ያዙ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ከበቃ በቃ። ጥላ ሥር ሥሩ። ማሽኑን አንድ ቦታ አታቁሙት፤ ያቃጥላል። የበር ጠርዝና የኮፈን መታጠፊያ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑትና በኋላ በእጅ ጨርሱት። ሁሉንም ጭረት ካላጠፋሁ ብሎ የሚታገል ልጅ አይቻለሁ። ልጄ፣ መኪናው እኮ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ ደግሞም ይጫራል፤ ያኔ የሚፈቀው ከየት ይምጣ?

የድሮ ፔጆ ወይ ቮልስ ከመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ። ብዙዎቹ ክሊር የላቸውም፤ ላዩ ራሱ ቀለም ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ ጥግ ላይ እሹት። ጨርቁ ቢቀላ አትደንግጡ፣ ፀሐይ ያደቀቀው የሞተ ቀለም ነው እየወጣ ያለው። ስፖንጁ ይቀላል፣ እጃችሁ ይቀላል፣ ስፖንጁን እያጠባችሁ ስትቀጥሉ ከሥር ባለቤቱ ራሳቸው የረሱት ቀይ ብቅ ይላል። ከዚህ ሥራ እንደዚህ የምወደው የለም። ክሊር ያለው መኪና ላይ ስፖንጁ ቀለም ካነሳ ግን ማሽኑን አጥፉ። ክሊሩን ጨርሳችሁታል።

ስለ ሰም ብዙ ይወራል። ስመ ጥሩው ካርናውባ ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል። «የጧፍ ሰም ሞልቶን ሳለ ከብራዚል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነትም ማር የሞላበት አገር ነው። ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ካርናውባ ከ80 በላይ ይፈልጋል፤ የጥቁር መኪና ኮፈን ደግሞ በመጋቢት ቀትር እጅ አያስነካም። ካርናውባም ብቻውን ደረቅ ስለሆነ በዘይትና በሌላ ሰም ተለዝቦ ነው የሚሸጠው፣ አንዳንዱ ውስጥ የንቡም አለበት። ስትቀቡ ስስ አድርጉት። ወፍራም ብትቀቡ ትርፉ ጨርቅ ማባከን ነው፣ ተወልውሎ የሚቀረው ያው ስሱ ነው። ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ባትሞቅም ቀለም ትበላለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር የሚያቆም ደንበኛ ካላችሁ የወፍ ኩስ ቀለም እንደሚበላ ንገሩት፤ ሳይደርቅ በውሃ ይነሳ።

ነጭና ብርማ መኪና ላይ «ቀለሙ ይጠልቃል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ይጸዳል፣ ያበራል፣ በቃ። ለውጡ የሚታየው ጥቁር፣ ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ላይ ነው። ጭረት በዘይት የሚደብቅ ፖሊሽም አለ፤ ባለ ቀለም ሰምም እንዲሁ። መጥፎ አይደሉም፣ ግን ጥቂት ሲታጠብ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ለደንበኛው በቅድሚያ ካልነገራችሁት አብሮት እሱም ተመልሶ ይመጣል። አዲስ የተቀባ መኪና ቢያንስ አንድ ወር ሰም አይንካው፣ ቀለሙ ይተንፍስ። ቀለም በሚረጭበት ግቢ ውስጥ ሲሊኮን ያለበት ማወዣ አትክፈቱ፤ ቀጣዩ መኪና ላይ ቀለሙ ዓይን ዓይን እየሠራ አልይዝ ይላል።

የጥምቀት ሰሞንን ታውቁታላችሁ። የሰርጉም ጥድፊያ ያኔ ነው። «ነገ ሙሽራ ይዘንበታል» ብለው በአሥር ሰዓት ጥቁር መኪና ያመጣሉ። ማሽኑን አትንኩ። በደንብ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ሰም ቀቡ፣ መስታወቱን አጽዱ፣ ጎማውን አጥቁሩ፤ ለፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ለፖሊሹ የካቲት ላይ ቀጠሮ ያዙላቸው። ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፣ መኪናው ሁለት ቀን እናንተ ጋ ቢያድርም ማንም አይቆጣም።