የቺካጎው ከንቲባ የባቡሩን ገንዘብ ከየት አመጣ?

ጥያቄ፦ የቺካጎ የመጀመሪያው ከንቲባ ዊልያም ኦግደን ነጋዴ ነበር፣ ለከተማዋም ባቡር አስገብቷል ሲባል ሰማሁ። ሀብቱን ያፈራው በሥልጣኑ ነው? ለባቡሩስ እንደ እኛ ከውጭ ነው ያስመጣው? (አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሀብቱ የመጣው ከመሬት ነው፤ ሥልጣኑ ኋላ የመጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦግደን በ1805 በኒውዮርክ ግዛት፣ ዋልተን ተወለደ። ቺካጎ የገባው በ1835 ሲሆን ጉዳዩም የእህቱ ባል ቻርልስ በትለር በ100,000 ዶላር ያስገዛውን መሬት መሸጥ ነበር። ሲደርስ መሬቱ ውሃ የተኛበት ረግረግ ሆኖ ጠበቀው። ቢሆንም አስለክቶ፣ ሸንሽኖ ለገበያ አቀረበው፤ ሲሦው ብቻ ተሸጦ የግዢውን ዋጋ በሙሉ መለሰ።

ከንቲባ የሆነው በ1837 ነው፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት። የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ያውም ባንኮች የተንኮታኮቱበት ዓመት! ባለዕዳዎች ክፍያ ይቁምልን ብለው ሲነሱ ተቃወማቸው። ዕዳዋን የካደች ከተማ ሁለተኛ አበዳሪ እንደማታገኝ የገባው ሰው ነበር።

ወደ ባቡሩ እንምጣ። የጋሌና እና ቺካጎ ዩኒየን የባቡር ኩባንያ ፈቃድ ያገኘው በ1836 ቢሆንም በዚያው ቀውስ ተኝቶ ቆየ። ኦግደን በ1840ዎቹ ሲቀሰቅሰው የምሥራቅ አሜሪካ ባለገንዘቦች ፊት ነሱት። ስለዚህ ከሸሪኩ ያንግ ስካመን ጋር ሐዲዱ በሚያልፍበት መስመር እየዞረ አክሲዮን ለገበሬ ሸጠ። ገበሬው ለምን ገዛ? ስንዴውን በጋሪ ጭኖ ቺካጎ ለማድረስ ቀናት ይፈጅበታል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። የሚገርመው የከተማው ባለሱቆች መቃወማቸው ነው፦ ገበሬው ስንዴውን በየጣቢያው ካራገፈ ማን ከተማ ገብቶ ይሸምታል ብለው ሰጉ።

ገንዘቡ ጠባብ ስለነበር የተገዛው በአብዛኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። በ1848 ሥራ የጀመረችው «ፓዮኒር» የተባለችው ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የምትጎትተው ሞተር) ሌላ ቦታ የሠራች ነበረች። ሐዲዱም ሙሉ ብረት ሳይሆን በእንጨት ላይ በምስማር የተመታ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ርካሽ ነው፣ ግን አደገኛ፤ ጎማው ደጋግሞ ሲረግጠው ምስማሩ ይላላል፣ የብረቱ ጫፍ ይቀለበስና የፉርጎውን ወለል በስቶ ሊገባ ይችላል። እንዲያም ሆኖ መስመሩ በ1850 ከቺካጎ በስተምዕራብ ያለችው ኤልጂን ከተማ ደረሰ።

የእኛው በዚህ ይለያል። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ቢሰጡም ገንዘቡ በአብዛኛው የፈረንሳይ ነበር። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ኦግደን በ1862 የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በኦክቶበር 8፣ 1871 ሌሊት ቺካጎ እና በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው የፔሽቲጎ ከተማ በአንድ ጊዜ ሲቃጠሉ በሁለቱም ቦታ ንብረት ነበረው፤ ፔሽቲጎ ላይ የጣውላ ፋብሪካው ወደመ። ሕንፃና እንጨቱ ቢነድም መሬቱ ስለተረፈለት በ1877 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሞት አሁንም ሀብታም ነበር።