የማያብለጨልጭ ጥቁር፦ ስለ ደብዛዛ እርሳሶች ጥያቄና መልስ

በእርሳስ የሚሥል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቅሬታ አለ። ብዙ ተለፍቶበት የጠቆረው ቦታ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ብርሃን እየመለሰ ከዙሪያው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህን ነጸብራቅ ለመቀነስ ተብለው ስለተሠሩት ደብዛዛ እርሳሶች፣ ስለ ወረቀትና ስለ እጅ አያያዝ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ፤ አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን በአጭሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርሳሴ በጣም ያብለጨልጫል። ርካሽ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ ርካሽነቱ አይደለም። ውድ የሆነ ለስላሳ እርሳስ ከርካሹ ደረቅ እርሳስ የበለጠ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ምክንያቱ ግራፋይት ራሱ ነው። ግራፋይት ካርቦን ነው፤ አተሞቹ በስስ ንጣፎች ተደርድረው እንደ መጽሐፍ ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ንጣፎቹን የሚያያይዘው ኃይል ደካማ ስለሆነ በቀላሉ እየተንሸራተቱ ይላቀቃሉ፤ እርሳስ ወረቀት ላይ ምልክት የሚተወውም በዚሁ ነው። ስንጫነው ግን ጥቃቅኖቹ ቅርፊቶች ሁሉም በጠፍጣፋ ጎናቸው ይተኙና ልሙጥ ገጽ ይፈጥራሉ። ልሙጥ ገጽ ብርሃንን አይበትንም፤ በአንድ አቅጣጫ መልሶ ይወረውረዋል።

ሌላም ነገር አለ። በ1795 ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት የማጠንከርን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ዛሬም እርሳስ የሚሠራው በመሠረቱ በዚያው መንገድ ነው። አፈሩ ሲበዛ እርሳሱ ይደርቃል፣ ይገረጣል። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ የሚያብለጨልጨውም ነገር አብሮ ይበዛል። ስለዚህ ጥቁረት ፈልገን የምናነሳው 8ቢ፣ ነጸብራቁንም ይዞት ይመጣል። (በእርሳስ ላይ ቢ ለስላሳና ጥቁሩን፣ ኤች ደረቅና ገርጣውን፣ ኤችቢ መካከለኛውን ያመለክታል፤ የቢ ቁጥር ሲጨምር ልስላሴው ይጨምራል።)

ጥያቄ፦ ታዲያ "ማት" (ደብዛዛ) የሚባሉት እርሳሶች ውስጥ ምን አለ?

መልስ፦ በብዙዎቹ ውስጥ ጥላሸት አለ። ጥላሸትም ካርቦን ነው፤ ነገር ግን እንደ ግራፋይት ቅርፊት የለውም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅና ድቡልቡል ስለሆኑ የቱንም ያህል ብንጫናቸው ልሙጥ ሆነው አይተኙም፤ የሚያርፍባቸውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጡታል፣ የተረፈውን ይበትኑታል። ዓይን የሚያየው ጥልቅና ደረቅ ጥቁር ነው።

ገበያ ላይ ያሉትን በሁለት ወገን ከፍዬ ነው የማያቸው። የመጀመሪያው ከግራፋይት ብዙም ያልራቀው ነው፤ ስቴድለር ማርስ ሉሞግራፍ ብላክና ፋበር ካስቴል ፒት ግራፋይት ማት እዚህ ይመደባሉ። ሉሞግራፍ ብላክ የካርቦን፣ ማለትም የጥላሸት፣ ድርሻው ከፍ ያለ እርሳስ ነው። ፒት ግራፋይት ማት ደግሞ ከኤችቢ እስከ 14ቢ ይደርሳል። ሁለተኛው ወገን የካርቦን እርሳስ የሚባለው ነው፤ ይህ ከግራፋይት ይልቅ ለከሰል የቀረበ ነው፣ ሲሠሩበት ደረቅ ይላል፣ በላጲስም ለመልቀቅ ያስቸግራል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን ወገን እመርጣለሁ። እጅ የለመደውን የእርሳስ ስሜት ብዙም አይለውጠውም።

ጥያቄ፦ 14ቢ ከሌላው አምራች 8ቢ በእጥፍ ሊጠቁር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በቁጥሮቹ ላይ አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት አንድ መለኪያ የለም። የአንዱ 4ቢ ከሌላው 6ቢ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚነግርህ እርሳሱ ከዚያው ድርጅት ወንድሞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚቆም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሙሉውን ሳጥን ልግዛ ወይስ አንድ በአንድ?

መልስ፦ አንድ በአንድ ግዢ። ሙሉ ሳጥን ሲከፈት ደስ ይላል፤ ከወር በኋላ ግን የሚያጥሩት ሁለቱ ብቻ ሆነው ታገኛቸዋለሽ። አንድ መካከለኛ፣ 2ቢ ወይም 4ቢ፣ እና አንድ ጥቁር፣ 8ቢ ይበቃሉ። ፈዘዝ ያለውን ጥላና የመጀመሪያውን ንድፍ ባለሽ ተራ እርሳስ ሥሪው፤ በስሱ ሲጠቀሙበት ተራው ግራፋይትም ነጸብራቁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከመግዛትሽ በፊት መሞከር ከተፈቀደልሽ፣ ልትሠሪበት ባሰብሽው ዓይነት ወረቀት ላይ ሦስት ትንንሽ ካሬዎች ሙዪ፤ አንዱን በቀላል እጅ፣ አንዱን በመካከለኛ፣ አንዱን በሙሉ ኃይል። ከዚያ ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን ፊት አዘንብለሽ በጎን እዪው። ፊት ለፊት ብቻ ካየሽው ሁሉም ጥቁር ነው፤ ልዩነቱን የሚያወጣው ማዘንበሉ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ እርሳስ የመግዛት አቅም አሁን የለኝም። ባለኝ እርሳስ ነጸብራቁን መቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ትችላለህ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ጥያቄ ከእርሳስ ምርጫው ይበልጣል። ደብዛዛ እርሳስ ገዝተው በለሰለሰ ወረቀት ላይ በሙሉ ክንዳቸው የሚጫኑ ሰዎች ጥቂት ነጸብራቅ ማየታቸው አይቀርም፤ በተራ እርሳስ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ከወረቀቱ ጀምር። ሸካራነት ያለው ወረቀት ጉብታና ጎድጓዳ አለው፤ ግራፋይቱ በጎድጓዳው ውስጥ በተለያየ አቅጣጫ ተሰንጎ ስለሚቀመጥ ብርሃኑ ይበታተናል። ልሙጥ ወረቀት ላይ ግን የሚሸሸግበት ቦታ የለውም፤ ወዲያው ይተኛና ያበራል። የፎቶግራፍ ያህል ጥርት ያለ ሥራ የሚወዱ ሠዓሊዎች ልሙጡን ይመርጣሉ፣ ነጸብራቁም አብሮ የሚከፈል ዋጋ ነው። መካከለኛ ሸካራነት ያለው ጥሩ ማስታረቂያ ነው።

ቀጥሎ እጅህ። ጥቁረት የሚገኘው በመጫን ሳይሆን በመደራረብ ነው። በ2ቢ በቀላል እጅ አንድ ድርብ፣ አቅጣጫ ቀይሮ ሌላ ድርብ፣ ከዚያ በ4ቢ፣ ከዚያ በ6ቢ። መጫን እንዳማረህ ሲሰማህ ያ ምልክት ነው፦ እርሳሱ አቅሙን ጨርሷል፣ ለስለስ ወዳለው ተሻገር። በተለይ በደረቅ እርሳስ፣ በኤች ወገኖቹ፣ አትጫን፤ የወረቀቱን ጉብታ ደፍጥጠውት ይሄዳሉ። የተደፈጠጠ ወረቀት ላይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር በወጉ አይያዝም።

የወረቀት ጥቅልል መፈተጊያ የምትጠቀም ከሆነ በጥቁሩ ቦታ ላይ አትጠቀምበት። ጥላ ለማለስለስ ግሩም ነው፤ ጥቁሩን ቦታ ስትፈትገው ግን ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ እያስተኛህ፣ እየወለወልህ፣ እያብለጨለጭህ ነው። በጣትህማ ጭራሽ አትንካው፤ የቆዳ ወዝ ወረቀቱ ላይ ከቀረ ቦታው ሌላ መልክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ደብዛዛውንና ተራውን በአንድ ሥዕል ላይ መቀላቀል ይቻላል? እኔ ስሞክረው ደብዛዛው አልያዝ ብሎ ተንሸራተተ።

መልስ፦ የተንሸራተተው ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ግራፋይት አንዴ ወረቀቱን ሞልቶ ከለሰለሰ በኋላ የካርቦን ቅንጣት የሚጨብጠው ሸካራ ነገር አያገኝም። ስለዚህ እጅግ ጥቁር የሚሆኑትን ቦታዎች ገና ሥራው ሲጀመር ወስኚያቸውና ባዶ ወረቀት ላይ ደብዛዛውን ቀድመሽ አስቀምጪ። የዓይን ብሌን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከአገጭ ሥር ያለው ጥላ፣ የፀጉር ውስጠኛ ጥልቀት እንደነዚህ ያሉት ናቸው። ተራውን ግራፋይት ከጠርዙ ጀምረሽ ወደ ውጭ አሳሽው።

ይህ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ መጨመር ተምረናልና። ነገር ግን ጥቁሩ ቀድሞ ሲቀመጥ ሌላ ጥቅም አለው፦ የቀረውን ጥላ ሁሉ ከእሱ ጋር እያመዛዘንሽ ስለምትሠሪ ሥዕሉ ገርጥቶ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሁለቱ ቀለም አንድ ዓይነት አይደለም። የግራፋይት ግራጫ ወደ ቀዝቃዛ ብርማ ያዘነብላል፤ የካርቦኑ ጥቁር እንደ አሠራሩ ገለልተኛ ወይም ሞቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በጉንጭ መካከል ከዋለ፣ ሥዕሉን በጎን የሚያይ ሰው ስፌቱን ያየዋል። መገናኛውን ቅርጹ ራሱ በሚቋረጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ በፀጉርና በግንባር ወሰን ወይም በልብስ አንገትጌ ላይ አድርጊው። ቆዳውን ሁሉ በአንዱ ወገን ብቻ መጨረስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ላጲስ ይለቀዋል?

መልስ፦ ከፊሉን። የእነዚህ እርሳሶች ደካማ ጎን ይህ ነው። በእጅ የሚለወሰውን ላጲስ ጫን እያደረጉ ማንሳት እንጂ ማሸት አይገባም፤ ሲታሽ ጥላሸቱ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ለዚህም ነው ንድፉን በተራ ኤችቢ መጀመር የምመክረው።

ጥያቄ፦ 10ቢ ስቀርጽ በየጊዜው ይሰበርብኛል።

መልስ፦ ለስላሳ እርሳስ ወፍራምና ተሰባሪ ነው፤ ጠባብ መቅረጫ ውስጥ ሲጠመዘዝ አይችልም። እንጨቱን በስለታም ቢላዋ ወደ ውጭ እየገፋህ ላጥ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ሳለው። እርሳሱ ወለል ላይ ወድቆ ከነበረ ግን ውስጡ አስቀድሞ ተሰባብሮ ይሆናል፤ ያኔ ጥፋቱ የመቅረጫው አይደለም።

ጥያቄ፦ እርስዎ ስለሚረጨው ፊክሳቲቭ፣ ሥዕሉ እንዳይለቅ ስለሚረጨው ማጣበቂያ፣ ምን ይላሉ? ነጸብራቁን ያጠፋል ይባላል። የፀጉር መርጫ ተክቶት ይሠራል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ደብዛዛው ዓይነት ፊክሳቲቭ ነጸብራቁን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ አያጠፋውም። በመጫን የተወለወለ ጥቁር ቦታን የሚያድን መርጫ አላየሁም። ደግሞም ግራጫዎቹን በመጠኑ ያጠቁራል፤ ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሳይሞክሩ ሥራዎ ላይ አይርጩ። ሲረጩ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ፣ በስሱ ረጭተው ያድርቁት፣ ከዚያ ይድገሙት። በአንዴ ማራስ ነጠብጣብ ያመጣል። ጢሱ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ከቤት ውጭ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ያድርጉት።

የፀጉር መርጫውን ይተዉት። ለወረቀት የተሠራ አይደለም፤ ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ሊያቢጫው ይችላል።

ጥያቄ፦ እጄ ሁሉንም ያበላሸዋል።

መልስ፦ ንጹሕ ወረቀት ከእጅህ ሥር አድርግ፤ ስታንቀሳቅሰው አንሳው እንጂ አትጎትተው። በቀኝ እጅህ የምትሥል ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ሥራ፣ ግራኝ ከሆንክ በተቃራኒው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከምንለፋ ለምን በከሰል አንሥልም?

መልስ፦ ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ እውነትዎን ነው፤ እኔም ከሰል ነው የማነሳው። ትንሽ ሥዕል ላይ ግን ከሰል ሽፋሽፍት አይሥልም። ቀጭን መስመርና ደረቅ ጥቁር አብረው ሲፈለጉ ነው ደብዛዛው እርሳስ ቦታውን የሚያገኘው።

ጥያቄ፦ ነጸብራቅ ሁልጊዜ ጠላት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። በእጅ ተይዞ በሚታይ ትንሽ ደብተር ላይ የግራፋይት ብርማ ወዝ ውበት ነው፤ ሰዎች እሱን ማጥፋት ግዴታ አድርገው ሲያወሩ እገረማለሁ። የብረት ዕቃ ስትሥይማ ሊጠቅምሽም ይችላል። የሚያስቸግረው ሥዕሉ በአንድ ብርሃን ሥር በቋሚነት ሲሰቀል ወይም ፎቶግራፍ ሲነሣ ነው።

ጥያቄ፦ እኔን ያስቸገረኝ ፎቶግራፉ ነው። ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

መልስ፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እይ። የካሜራው ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ነጸብራቁን ቀጥታ ወደ ካሜራው ይመልሰዋል፤ አጥፋው። ሥዕሉን ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ካሜራውን ፊት ለፊቱ አድርግ፣ ሁለት እኩል መብራቶችን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ አስቀምጥ። ያኔ ነጸብራቁ ወደ ጎን ያመልጣል። መብራት ከሌለህ በደመናማ ቀን ደጅ፣ ጥላ ሥር ይሠራል።

ሙያዬ ነው የምትል ከሆነ በመብራቶቹ ላይ የፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ሽፋን፣ በሌንሱም ላይ ሌላ ፖላራይዘር አድርግና የሌንሱን ጥቁሩ እስኪጠልቅ ድረስ አዙረው። ሁለቱ በ90 ዲግሪ ሲቋረጡ የግራፋይቱ ነጸብራቅ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ተራ 8ቢ እንኳ የካርቦን እርሳስ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በመስታወት ላስገባው ነው። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፦ መስታወቱ ወረቀቱን አይንካ። በመካከላቸው የካርቶን ክፈፍ ካልገባ ደብዛዛው ጥቁር ወደ መስታወቱ ይተላለፋል፣ እርጥበትም ካለ ይጣበቃል። ከደብዛዛ እርሳስ በኋላ ተራ መስታወት ማድረግ ልፋቱን በከፊል ከንቱ ያደርገዋል፤ ከተገኘ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን መስታወት ይምረጡ። ካልተገኘ ደግሞ ሥዕሉን መስኮት ትይዩ አይስቀሉት፤ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ቀጥሎ ባለው የጎን ግድግዳ ላይ ይሻላል።