«ከመንግሥት» የመጣው የ125 ዶላር ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ነው። አምና ለጭነት መኪናዬ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ድርጅት) አውጥቻለሁ። ሰሞኑን አንድ ፖስታ መጣልኝ። ንስር ያለበት ማህተም አለው፤ የድርጅቴን ስምና የተመዘገበበትን ቀን በትክክል ጽፎ «125 ዶላር ይክፈሉ» ይላል። ባለቤቴ «መንግሥት ነው፣ ክፈልና ተገላገል» ትላለች። ልክፈል? ለመሆኑ የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ሥራው ምንድን ነው? ምርጫም እሱ ጋ፣ ድርጅትም እሱ ጋ፣ ውክልናም እሱ ጋ!

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትከፍል። ቼኩን ጽፈህ ከሆነ ቅደደው።

በሚኒሶታ የኤልኤልሲ ዓመታዊ እድሳት በጊዜው ከተሞላ አይከፈልበትም። ደብዳቤውን ገልብጠህ ደቃቁን ጽሑፍ አንብበው፤ ላኪው የግል ድርጅት እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ተሸጉጦ ታገኘዋለህ። እኔ የሰው ወረቀት ስሞላ ስለኖርኩ እንዲህ ያለውን ፖስታ ገና ሳይከፈት አውቀዋለሁ። ስምህንና ቀኑን ያገኙት ከራሱ ከቢሮው መዝገብ ነው። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያየዋል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህን ቢሮ ዋሽንግተን ካለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጋር ያምታታዋል። አይገናኙም። ያንተው ሴንት ፖል ያለው የግዛቱ ጸሐፊ ነው፤ ሥራው መመዝገብና ማህተም መጠበቅ ነው። ሚኒሶታ ግዛት ሳትሆን፣ ገና ቴሪቶሪ (በፌዴራል መንግሥት ሥር ያለ ክልል) እያለች በ1849 እንኳ ጸሐፊ ነበራት። በ1858 ግዛት ስትሆን ሕዝብ የሚመርጠው ባለሥልጣን ሆነ። በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ።

ከጸሐፊዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ማይክ ሆልም ነው። ስዊድን ተወልዶ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ከ1921 እስከ 1952 ወንበሩን ሳይለቅ እዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ቨርጂኒያ ተወዳድራ አሸነፈች። በሚኒሶታ የግዛት ጸሐፊ ሆና የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሚኒሶታዎች በ1998 ድምፅ ሰጥተው የገንዘብ ያዡን ሹመት ጭራሹን ሰርዘውታል፤ 2003 ላይ ተዘጋ። ጸሐፊውን ግን አልነኩትም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ገንዘብ የሚይዝ ሌላ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ምርጫው። በ2008 ኖርም ኮልማንና አል ፍራንከን ለሴኔት ሲወዳደሩ ወደ 2.9 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነታቸው ኢምንት ሆነ። ድምፁ በእጅ እንደገና ተቆጠረ። አከራካሪ ወረቀቶችን አንድ በአንድ የሚያይ ቦርድ ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው የወቅቱ ሴክሬታሪ ማርክ ሪቺ ሲሆን ሌሎቹ አራቱ ዳኞች ነበሩ። ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው፣ ሰው በካሜራ ይከታተላል። አንዱ መራጭ ከፍራንከን ስም ጎን ያለውን ክብ አጥቁሮ፣ ከታች ባለው ባዶ መስመር ደግሞ «እንሽላሊት ሰዎች» ብሎ ጽፎ ያንንም አጥቁሮታል! አምስት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው በዚች ወረቀት ተከራከሩ። በመጨረሻ ለሁለት ድምፅ እንደ ሰጠ ቆጥረው ጣሏት። ፍርድ ቤቱም አልፎ ፍራንከን በ312 ድምፅ አሸነፈ። የቢሮው ጠባይ ይህ ነው፤ መራጩ ምን አሰበ ብሎ አይገምትም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ያያል።

ውክልናም እንደዚያው። ለአገር ቤት የሚሄድ ውክልና ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርመህ ስታመጣ፣ 5 ዶላር ተቀብለው የሚያረጋግጡልህ የኖታሪውን ፊርማና ሹመት ነው። ውስጡ ላይ ቤትህን ለወንድምህ ሸጥክ፣ ለጎረቤት አወረስክ፣ ጉዳያቸው አይደለም።

ሰዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። 155 ዶላር ከፍሎ ኤልኤልሲውን ኦንላይን አስመዝግቦ «ፈቃድ አወጣሁ» ብሎ ሥራ የሚጀምር አለ። ምዝገባ ፈቃድ አይደለም። በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ለመንከባከብ የሚሰጠው ፈቃድ ለምሳሌ የሚወጣው ከግዛቱ ጤና መምሪያ ነው። ያንተ ጭነት መኪናም የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ ጠይቀኝ። ምግብ ቤት ከፍተህ ከተመዘገበው ሌላ ስም በሩ ላይ ልትሰቅል ብትፈልግ ደግሞ፣ ያን ስም አስመዝግበህ በጋዜጣ ሁለት ተከታታይ እትም ላይ ማሳወጅ አለብህ። በዚህ ዘመን ጋዜጣ ማን ያነባል አትበለኝ፣ ሕጉ ነው።

እድሳቱን እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ሙላ። ከዘለልከው ድርጅትህን ይሰርዙታል፤ መልሶ ለማስነሳት ኦንላይን 45 ዶላር፣ በፖስታ 25 ነው። የቢሮውን የኢንተርኔት አድራሻ ራስህ ጻፍ፣ ጉግል ላይ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። በጊዜው እያደስክ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅህ ገጽ ካጋጠመህ ዝጋውና ውጣ፤ የገባኸው ሌላ ቤት ነው። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ 125ቱን ለጎማ አውሉት።