«ሮጀር» «እሺ» ነውን?

ጥያቄ፦ የፊልም ግርጌ ጽሑፍ እተረጉማለሁ። አብራሪው «ሮጀር» ሲል «እሺ» ብዬ ጻፍኩ፤ ባልደረባዬ «ተቀብያለሁ» ነው ብሎ ሞገተኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ባልደረባዎ ይቀርባል፤ ግን እሱም አልደረሰበትም።

ከ«እሺ» ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ሰማሁም፣ ተስማማሁም፣ አደርጋለሁም ናት፤ «እሺ፣ ነገ» ስትሆን ደግሞ አላደርግም። የበረራ ሬዲዮ እንግሊዝኛ እነዚህን ለያይቷቸዋል። «ሮጀር» መልእክትህ በሙሉ ደርሶኛል ነው፣ ሌላ የለውም። የታዘዝኩትን እፈጽማለሁ ለማለት «ዊልኮ»፣ አዎን ለማለት «አፈርም» አለ። «ማኮብኮቢያውን ለቀሃል?» የተባለ አብራሪ «ሮጀር» ቢል አልመለሰም።

ተራቀቅህ የሚለኝ አይጠፋም። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ የቴነሪፌ ደሴት፣ ለመነሣት የተሰለፈ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ረዳት አብራሪ «አሁን መነሣት ላይ ነን» ዓይነት ድፍን ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው ቆመው የሚጠብቁ መስሎት «ኦኬ» አለ፤ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ብሎ ሲቀጥል ግን በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የነበረው የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አውሮፕላን አብራሪዎችም በዚያው ቅጽበት ተናገሩና ድምፁ ፉጨት ሆነ። ኬኤልኤም ጆሮ ጥርት ብላ የገባችው ያቺ «ኦኬ» ናት። ሊነሣ ሲንደረደር ከፓን አም ጋር ተጋጨ፤ 583 ሰው አለቀ። የኛዋ «እሺ» የዚያች «ኦኬ» እኅት አይደለችምን?

«ተቀብያለሁ»ን የሚደግፉ መምህራን ክርክር አላቸው፤ «ሮጀር» በድሮው የሬዲዮ ፊደል አጠራር የ«አር» ስም ነበር፣ «አር»ም የ«ሪሲቭድ» መነሻ ናት፣ እሱም ተቀበልኩ ነው ይላሉ። እውነት ነው። (ዛሬ ፊደሏ «ሮሜዮ» ተብላለች፤ መልሱ ግን በአሮጌ ስሙ ቀረ።) በአማርኛ ግን «ሐሳብህን ተቀብያለሁ» ያለ ሰው ተስማምቷል፤ ዞረን እሺታ ላይ ወደቅን! «ሰምቻለሁ»ም አያድንም፤ «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ስለ ጆሮው አይደለምና።

እኔ «ደርሶኛል» እላለሁ። የተላከ ገንዘብም መልእክትም «ደርሶኛል» ይባላል፣ ማንንም ለምንም አያስገድድም። ሬዲዮ ላይ ያለ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም፤ ይሁን፣ ይጥመኛል።

«ሮጀር» ራሱ አማርኛ ውስጥ መግባቱን ሳልወድ አምናለሁ። የልጅ ልጄን ሱቅ ስልከው «ሮጀር!» ይለኛል። «ዊልኮ ነው የሚባለው» ብዬ ባርመው፣ «እሺ» አለኝ።